የደም ነቀርሳ፤ መነሻው፣ ዓይነቱና የሚታወቅበት መንገድ

ሕመም ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ የቤተ ሰቡን ሰላም ከሚያናጉት ነገሮች አንዱ የሕመሙን ምንነት አለማወቅ ነው። ስሙ የታወቀ ሕመም ቢከብድም እንኳ መንገድ አለው፤ ስሙ ያልታወቀ ግን ቀኑን በጥርጣሬ ሌሊቱን በፍርሀት ያስፈጃል። በዚህ ወር ሐኪሞች ሉኬሚያ ስለሚሉት፣ በእኛም ቋንቋ የደም ነቀርሳ ወይም የደም ካንሰር ተብሎ ስለሚጠራው ሕመም ለመጻፍ የተነሣነው ስለዚህ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን አስቀድሞ በጎረቤታችን ቤት የሆነውን እናውሳ። ልጁ ስድስተኛ ዓመቱን የያዘ ወንድ ልጅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ እንደ ወትሮው ከእኩዮቹ ጋር መሯሯጡን ትቶ ከደጃፍ ተቀምጦ ይውል ጀመር። እናቱ «ምን ሆንህብኝ ልጄ?» ስትለው «እግሬን ያመኛል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረውም። ፊቱ ገረጣ፤ ማታ ማታ ያተኵሰው ጀመር፤ ሳይወድቅ ሳይመታ ጭኑና ክንዱ በለዘ። ከጎረቤት አንዲቱ «ዐይን በልቶታል» አለች፤ ሌላይቱ «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል፤ አስቈርጡለት» አለች። በአቅራቢያ ወዳለ ክሊኒክ ቢወስዱት የአንጀት ተስቦ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጠው፤ ባይሻለው ደግሞ ወባ ነው ተብሎ ሌላ መድኃኒት ተሰጠው። እንዲህ እየተባለ አምስት ሳምንት ዐለፈ። በመጨረሻ የአፍንጫው ደም አልቆም ቢል በሌላ ጤና ጣቢያ ያገኟቸው አንዲት ወጣት ሐኪም «የዚህ ልጅ ደም ሳይቈጠር አንድ ፍሬ መድኃኒት አይሰጠውም» አሉ። የቍጥሩ ወረቀት በመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጁ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከ።

በዚያ ቀን ከቤተ ሰቡ ጋር ነበርን። አባቱ ለሐኪሞቹ ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ሦስት ነበሩ፤ «ከምን መጣበት? ዓይነቱ ምንድን ነው? በምንስ ታወቀ?» የሚሉ ናቸው። እናቲቱ ግን ምንም አልጠየቀችም። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ብቻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አለችን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ለአባቱ ሦስት ጥያቄዎችና ለእናቲቱ አንድ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ነው።

ደም ከወዴት ይመጣል?

የደም ነቀርሳን ለመረዳት አስቀድሞ ደም ከወዴት እንደሚመነጭ ማወቅ ይገባል። በአንድ ሙሉ ሰው ሰውነት ውስጥ አምስት ሊትር ያህል ደም ይመላለሳል። በዚህም ደም ውስጥ ሦስት ወገን ሕዋሳት አሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀይ ሕዋሳት ሲሆኑ ከሳንባ የተቀበሉትን ንጹሕ አየር ወደ ሰውነት ክፍል ሁሉ ያደርሳሉ፤ ዕድሜያቸውም 120 ቀን ያህል ነው። ሁለተኛዎቹ ነጭ ሕዋሳት ሲሆኑ ሰውነትን ከተሐዋስያን የሚጠብቁ ዘበኞች ናቸው። ሦስተኛዎቹ ፕላትሌት የሚባሉት እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ሲሆኑ ቍስል ባለበት ቦታ ተሰብስበው ደሙን ያረጋሉ፤ እነዚህም ከዐሥር ቀን የበለጠ አይኖሩም።

እንግዲህ ዕድሜያቸው እንዲህ አጭር ከሆነ ዘወትር የሚተካቸው ሊኖር ግድ ነው። የሚተካቸውም በአጥንት ውስጥ ያለው መቅኒ ነው። በሕፃንነት በአጥንት ሁሉ ውስጥ ያለው መቅኒ ደም ይሠራል፤ ሰው ካደገ በኋላ ግን ይህ ሥራ በአብዛኛው በዳሌ፣ በአከርካሪ፣ በጎድንና በደረት አጥንት ተወስኖ ይቀራል። የጤነኛ ሰው መቅኒ በየሴኮንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል ቀይ ሕዋሳት ያወጣል። እኛ ተኝተን ሳለን እንኳ ይህ ሥራ አይቋረጥም።

የደም ነቀርሳ የሚነሣው ከዚሁ ከመቅኒው ነው። ነጭ ሕዋሳትን ከሚያስገኙት እናት ሕዋሳት አንዲቱ ተፈጥሮዋ ይለወጥና ልጆችዋ ለአቅመ ሥራ ሳይደርሱ እንደ ጨቅላ ሆነው ይቀራሉ፤ መሞት በሚገባቸው ጊዜም አይሞቱም፤ ይልቁንም ይበዛሉ። ገበሬ እንደሚያውቀው እንክርዳድ በስንዴ መካከል በበዛ ጊዜ ስንዴው የሚጠፋው መሬቱ መካን ሆኖ ሳይሆን ስፍራ አጥቶ ነው። መቅኒውም እንዲሁ በማይረቡ ሕዋሳት ሲሞላ ለቀዩ፣ ለጤነኛው ነጭና ለፕላትሌቱ ቦታ ይጠብበታል። ቀዩ ሲያንስ ሰውየው ይገረጣል፣ ይደክማል፤ ፕላትሌቱ ሲያንስ ያለ ምክንያት ይደማል፣ ይበልዛል፤ ጤነኛው ነጭ ሕዋስ ሲያንስ ትኵሳትና ልዩ ልዩ ሕመም ይደራረብበታል። አንዳንድ ሰው «ነጭ ሕዋሱ በዝቶ ሳለ እንዴት መከላከያ ያጣል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ቀላል ነው፤ የዘበኛው ቍጥር ቢበዛም ሁሉም ጦር መያዝ ያልተማረ ከሆነ ቤቱ አልተጠበቀም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። በቋንቋችን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፍ የተሐዋስያን ሕመም ነው፤ የደም ነቀርሳ ግን ከቶ አይተላለፍም። ስማቸው ስለ ተመሳሰለ ሕሙሙን ከማዕድ የሚለዩ፣ ልጆቻቸውን ከእርሱ ጋር እንዳይጫወቱ የሚከለክሉ ቤተ ሰቦች አሉ። ይህ ያለ በቂ ምክንያት በሕመም ላይ ኀዘን መጨመር ነው።

ሕመሙ ስሙን ያገኘበት ታሪክ

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ካላመለከትን በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1845 በስኮትላንድ አገር በኤዲንበርግ ከተማ ጆን ሂዩዝ ቤኔት የተባለ ሐኪም፣ በዚያው ዓመት በበርሊን ሩዶልፍ ፊርኾ የተባለ ሌላ ሐኪም ደማቸው እንደ መግል ነጥቶ የሞቱ ሰዎችን መርምረው ጻፉ። ቤኔት ደሙ መግል የቋጠረ መስሎት ነበር፤ ፊርኾ ግን መግል ሳይሆን የደሙ የራሱ ነጭ ሕዋሳት ከልክ በላይ በዝተው መሆኑን ተረዳ። በ1847ም ከግሪክ ቋንቋ ወስዶ ሉኬሚያ አለው፤ ትርጓሜውም ነጭ ደም ማለት ነው። ከዚያም በ1868 ኤርንስት ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ ደም የሚሠራው በመቅኒ ውስጥ መሆኑን አስረዳ፤ ቀጥሎም የዚህ ሕመም ምንጭ መቅኒው መሆኑን አመለከተ። ስለዚህ ዛሬ ሐኪም «ከመቅኒው ልቅዳ» ቢል ከመቶ ዓመት በላይ ተፈትኖ የጸና ዕውቀት ይዞ ነው።

ከምን ይመጣል?

አስቀድመን የማይመጣበትን እንናገር። የደም ነቀርሳ ከዐይን ወይም ከቡዳ አይመጣም፤ ከመውደቅና ከመመታት አይመጣም፤ እናት ለልጅዋ ካበላችው ወይም ሳታበላው ከቀረችው ምግብ አይመጣም። የቤተ ሰብ ኀጢአት ቅጣት ነው ብሎ መናገርም በቈሰለ ልብ ላይ ድንጋይ መጫን ነው። የዕውሩን ሰው ነገር በወንጌል ያነበበ ክርስቲያን ሁሉ እንዲህ ያለውን ፍርድ ጌታ ራሱ እንዳልተቀበለው ያውቃል።

እንግዲህ ከምን ይመጣል? በሕዋስ ውስጥ ሥራውን ሁሉ የሚያዝዝ የተጻፈ ትእዛዝ አለ፤ ሕዋሱ ለሁለት በተከፈለ ቍጥር ይህ ትእዛዝ እንደ ገና ይገለበጣል። ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ ፊደል እንደሚያስት ሁሉ በዚህም ግልበጣ አንዳንድ ጊዜ ስሕተት ይገባል። ሰውነት አብዛኛውን ስሕተት ያርመዋል፤ ጥቂቱ ግን ያመልጣል። ያመለጠው ስሕተት የሕዋሱን ዕድገትና ሞት በሚወስን ቃል ላይ ከወደቀ ነቀርሳው ይጀምራል። ይህ ለውጥ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ በዚያው በሕመምተኛው መቅኒ ውስጥ የተነሣ ነው። ከሕሙማኑ የሚበዙት ለዚህ ያበቃቸው የታወቀ ምክንያት የላቸውም።

ሆኖም ይህን ስሕተት የሚያበዙ ነገሮች ታውቀዋል። የመጀመሪያው ኀይለኛ ጨረር ነው። በነሐሴ ወር 1945 በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ከተጣለ ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ ከሞት በተረፉት ሰዎች ላይ የደም ነቀርሳ መብዛት ጀመረ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥም እጅግ ከፍ አለ፤ ይልቁንም በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩት በብዛት ተጐዱ። ሳዳኮ ሳሳኪ የተባለችው የሂሮሺማ ልጅ ቦምቡ ሲወድቅ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ በ1955 በዐሥራ ሁለት ዓመትዋ በዚህ ሕመም ዐረፈች። በሆስፒታል ሳለች ከወረቀት የወፍ ምስል እያጠፈች ትሠራ ነበርና እኩዮችዋ ለእርስዋና ለሌሎቹ ሕፃናት መታሰቢያ ገንዘብ ሰብስበው በ1958 በከተማይቱ ሐውልት አቆሙ። ኢሬን ዦልዮ ኩሪ የተባለችው የፈረንሳይ ሊቅም ዕድሜዋን ከጨረር ጋር ስትሠራ ኖራ በ1956 በደም ነቀርሳ ሞታለች። ይህን ስንጽፍ ግን አንባቢ ሐኪም ያዘዘለትን የደረት ራጅ እንዳይፈራ እናሳስባለን፤ በዚያ የሚገኘው ጨረር እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ቤንዚን ከሚባለው ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለው ቤንዞል ነው። ይህ ነገር በመኪና ነዳጅ፣ በአንዳንድ ቀለም ማቅጠኛና ማጣበቂያ ውስጥ ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓመታት በኢስታንቡል ከተማ በዚህ ዓይነት ማጣበቂያ የሚሠሩ ጫማ ሠሪዎች በደም ነቀርሳ መታመማቸውን ሐኪሞች መዝግበዋል። ስለዚህ በጋራዥ የሚሠሩ ልጆቻችን እጃቸውን በቤንዚን ከመታጠብ፣ ቤንዚን በጎማ ቱቦ በአፋቸው ከመሳብ፣ በተዘጋ ክፍል ቀለም ከመቀባት እንዲጠነቀቁ ልንመክራቸው ይገባል። በጎዳና ላይ ማስቲሽ የሚስቡ ሕፃናት ነገርም ከዚህ ጋር ሊታሰብ የሚገባው ነው። የትምባሆ ጢስም ይኸው መርዝ አለበት፤ አጫሹም በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከማያጨሰው ይበልጣል።

ከነዚህም ሌላ አስቀድሞ ለሌላ ነቀርሳ የተሰጠ ኀይለኛ መድኃኒት፣ ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ከፅንስ ጀምሮ ያለ የአፈጣጠር ልዩነት፣ እንዲሁም ከአንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ ጋር ብቻ የተያያዘ አንድ ቫይረስ ምክንያት ሊሆኑ እንደሚችሉ ታውቆአል። ለእናቲቱ የሰጠናት መልስም ይኸው ነበር። «አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም፤ ሳታደርጊው የቀረሽውም የለም» አልናት። ይህን ቃል ሐኪሙም በማግሥቱ ደገሙላት፤ ሁለት ጊዜ መስማት ያስፈልጋት ነበርና።

ዓይነቶቹ ስንት ናቸው?

የደም ነቀርሳ አንድ ሕመም አይደለም። ሐኪሞች በሁለት መንገድ ይከፍሉታል። አንደኛው በፍጥነቱ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ የሚጠና ፈጣን አለ፣ ዓመታት የሚወስድ ዘገምተኛም አለ። ሁለተኛው በተነሣበት የሕዋስ ወገን ነው፤ ሊምፎይድና ማይሎይድ ይባላሉ። ሁለቱ አከፋፈሎች ሲጣመሩ አራት ዋና ዋና ዓይነቶች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ፈጣኑ ሊምፎይድ ነው። ሕፃናትን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው፤ ይልቁንም ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባሉት ላይ ይበረታል። የጎረቤታችንም ልጅ ሕመም ይኸው ነበር። ወደ አንጎልና ወደ አከርካሪ ፈሳሽ መሸሸግ የሚችል ስለ ሆነ ሕክምናው እስከዚያ ድረስ መከተል አለበት።

ሁለተኛው ፈጣኑ ማይሎይድ ነው። ሕፃናትንም ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜ እየገፋ በሄደ መጠን ይበዛል። አካሄዱ ብርቱ ነውና ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ሕክምና ይሻል። አንዳንዱ ወገን ድንገተኛ መድማትን ያስከትላል።

ሦስተኛው ዘገምተኛው ማይሎይድ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ጐልማሶችን ሲሆን የሚታወቅበትም በግራ ጎን በኩል ጣፊያ ማበጡ፣ ክብደት መቀነሱና ሌሊት ማላቡ ነው። በሀገራችን ጣፊያ ያበጠ ሁሉ ወባ ወይም ካላዛር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ይህ ሕመም ተሰውሮ ይቈያል። የጤነኛ ሰው ነጭ ሕዋስ ቍጥር በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ከ4,000 እስከ 11,000 ያህል ሲሆን በዚህ ሕመም ከ100,000 በላይ ሊደርስ ይችላል። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ አሜሪካውያን በዚህ ሕመም በተያዙ ሰዎች ሕዋስ ውስጥ ከልኩ ያጠረ ክሮሞሶም አገኙ፤ ባገኙባት ከተማም ስም የፊላዴልፊያ ክሮሞሶም ተባለ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለች ሐኪም ነገሩን መርምራ የዘጠነኛውና የሃያ ሁለተኛው ክሮሞሶም ቍራጮች ቦታ መለዋወጣቸውን ገለጸች። ምክንያቱ ስለ ታወቀ ያንኑ ለይቶ የሚመታ ኢማቲኒብ የተባለ መድኃኒት ተሠርቶ በ2001 ለሕዝብ ተፈቀደ። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረው ሕመም ዛሬ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚገታ ሆኖአል።

አራተኛው ዘገምተኛው ሊምፎይድ ሲሆን የሽማግሌዎች ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ለሌላ ጉዳይ ደም ሲመረመር በአጋጣሚ ይገኛል። ሐኪሙ «ለጊዜው መድኃኒት አያስፈልግም፤ በየጊዜው እየመጡ ይታዩ» ቢል ችላ ማለቱ አይደለም፤ ሕመሙ እንቅስቃሴ እስኪያሳይ መጠበቁ የተሻለ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው።

በምን ይታወቃል?

ምልክቶቹን ከላይ በታሪኩ ውስጥ አንባቢ አይቶአቸዋል። በአንድነት ብንዘረዝራቸው እነዚህ ናቸው፤ እየጨመረ የሚሄድ መገርጣትና ድካም፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚመላለስ ትኵሳት፣ ያለ ምት የሚወጣ ብልዘት ወይም በቈዳ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች፣ የአፍንጫና የድድ መድማት፣ የአጥንት ሕመም፣ በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት የሚወጣ ንፍፊት፣ እንዲሁም የጣፊያና የጉበት ማበጥ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ብቻ የታየበት ሰው ሁሉ የደም ነቀርሳ አለበት ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ትኵሳትና ድካም ከሌላ ሕመም የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሁለት ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ፣ ወይም የተሰጠው መድኃኒት ሳያሻሽል ሁለት ሳምንት ሲያልፍ፣ ወላጅ «የልጄ ደም ይቈጠርልኝ» ብሎ መጠየቅ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

ምርመራው በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ ከክንድ ጥቂት ደም ተቀድቶ ሦስቱ ወገን ሕዋሳት ይቈጠራሉ። ይህ ምርመራ በብዙ ጤና ተቋም የሚገኝ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ምርመራዎች ቀላል የሆነ ነው። ነጭ ሕዋሱ ከልክ በላይ በዝቶ ወይም አንሶ ቢገኝ፣ ቀዩና ፕላትሌቱም ቢቀንሱ ጥርጣሬ ይነሣል። በሕመሙ መጀመሪያ ነጭ ሕዋሱ የማይበዛበት ጊዜም ስላለ ቍጥሩ ብቻ አይበቃም። ስለዚህ በሁለተኛ ደረጃ አንድ ጠብታ ደም በመስታወት ላይ ተዘርግቶ፣ በቀለም ተነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ልምድ ያለው ባለሙያ ያልበሰሉትን ሕዋሳት በመልካቸው ይለያቸዋል።

ሦስተኛው ደረጃ የመቅኒ ምርመራ ነው። ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ «ሽባ ያደርጋል፣ የልጁን ኀይል ይወስዳል» ሲባልም ሰምተናል። ይህ እውነት አይደለም። መርፌው የሚገባው በአከርካሪ ሳይሆን ከበስተኋላ በዳሌ አጥንት ነው፤ ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ የሚቀዳውም ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ስለ ሆነ መቅኒው ወዲያው ይተካዋል። በሚቀዳበት ቅጽበት ኀይለኛ መሳብ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ቦታውን ያመዋል፤ ከዚህ የሚያልፍ ጕዳት እምብዛም አያገኝም። በመቅኒው ውስጥ ካሉት ሕዋሳት ከመቶ ሃያውና ከዚያ በላይ ያልበሰሉ ሆነው ከተገኙ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን የደም ነቀርሳ መሆኑ ይረጋገጣል።

ከዚህም በኋላ የሕዋሱን ወገን በላዩ ባሉት ምልክቶች የሚለይ፣ የክሮሞሶሙንም ለውጥ የሚያሳይ ምርመራ አለ። መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ ነውና ሲገኝ ቸል አይባልም። በፈጣኑ ሊምፎይድ ጊዜ ደግሞ ሕመሙ ወደ አንጎል መሸሸጉን ለማወቅ ከወገብ በኩል ጥቂት ፈሳሽ ይቀዳል።

በዚህ ክፍል ልንዘነጋቸው የማይገቡ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። የመጀመሪያው ምርመራው ሳይፈጸም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉትን መድኃኒቶች በዘፈቀደ አለመውሰድ ነው። እነዚህ የነቀርሳውን ሕዋሳት ለጊዜው ያቀልጣሉ፤ ልጁ የተሻለው ይመስላል፤ ማስረጃውም ይሰወራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን አለመስጠት ነው፤ መድማትን ያባብሳልና። ሦስተኛው በዚህ ሁኔታ ላይ ያለውን ሰው እንጥል አለማስቈረጥ፣ ዋግምት አለማስያዝ፣ ጥርስም በየቦታው አለማስነቀል ነው። ፕላትሌቱ ካለቀበት ሰው ላይ የሚወጣ ደም በቀላሉ አይቆምም። ለጎረቤታችን ልጅ እንጥሉ ይቈረጥ የተባለው ምክር ሳይፈጸም መቅረቱን ባሰብን ቍጥር እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ይድናል ወይ?

በ1947 መጨረሻ በቦስተን ከተማ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም የነቀርሳውን ሕዋሳት ምግብ የሚከለክል መድኃኒት ለሕሙማን ሕፃናት መስጠት ጀመረ፤ በ1948 ከእነርሱ አንዳንዶቹ ለጊዜው እንደ ተሻላቸው ጻፈ። ሕመሙ ተመልሶ ቢገድላቸውም በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ተለመደና ዛሬ ሀብታም በሆኑት አገሮች ፈጣን ሊምፎይድ ከሚይዛቸው ሕፃናት ከዐሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። በእኛ ሀገር ይህን ያህል አልደረስንም። ምክንያቶቹም የታወቁ ናቸው፤ ዘግይቶ መምጣት፣ የመድኃኒት እጥረት፣ ሕክምናውንም ከመንገድ ማቋረጥ ናቸው። ሆኖም በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በጅማም የሕፃናት ነቀርሳ ሕክምና ይሰጣል። ማቲዎስ ወንዱ የተባለው ሕፃን በደም ነቀርሳ ካረፈ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በስሙ የተመሠረተው የካንሰር ማኅበርም ኀዘን እንዴት ለብዙ ሰው ጥቅም እንደሚሆን ያሳየ ነው።

ስለ ማቋረጥ አንድ ቃል እንጨምር። ፈጣኑ ሊምፎይድ ሲታወቅ በሰውነት ውስጥ አንድ ሺህ ቢሊዮን ያህል የታመሙ ሕዋሳት አሉ። በመጀመሪያው ወር ሕክምና አብዛኞቹ ይጠፋሉ፤ ልጁ ይበላል፣ ይስቃል፣ ኳስ ይጠይቃል። ነገር ግን በማይክሮስኮፕ የማይታዩ ብዙ ሚሊዮን ሕዋሳት ተሸሽገው ይቀራሉ። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚረዝመው እነርሱን ለመጨረስ ነው። «ተሽሎታል» ተብሎ የሚቋረጥ ሕክምና ጠላትን እስከ ደጅ አሳድዶ በሩን ሳይዘጉ መመለስ ነው።

በጎረቤታችንም ቤት ይህ ፈተና መጣ። በሁለተኛው ወር የልጁ ጠጕር ረገፈ፤ አፉ ቈሰለ። አያቲቱ «መድኃኒቱ ነው የሚገድለው፤ ትታችሁ ወደ ጸበል ውሰዱልኝ» ብለው አለቀሱ። የንስሐ አባታቸው ተጠርተው መጡ። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «ጸበሉም መድኃኒቱም የአንዱ እግዚአብሔር ነው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን አትተዉ። ሐኪሙ ከሕዝብ መካከል አይግባ ባሉት ሳምንት እኔ ራሴ ወደ ቤት እመጣለሁ» አሉ። እንደ ቃላቸውም አደረጉ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ2007 ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበልና መድኃኒት አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን ለሕዝብ ገልጠው ነበርና፣ ካህኑ የተናገሩት አዲስ ትምህርት አልነበረም።

ቤተ ሰብና ጎረቤት የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። ሕሙሙ ነጭ ሕዋሱ ባነሰበት ጊዜ ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠይቀው፤ የሚጠይቀውም እጁን ይታጠብ፤ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት አይቅረብለት፤ ውሃውም የፈላ ይሁን። በጾም ወቅት ሕሙሙ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር፤ ቤተ ክርስቲያን በሕሙማን ላይ ከዐቅማቸው በላይ አትጭንም። ከሁሉም ይልቅ ደም እንለግስ። በሕክምናው ጊዜ መቅኒው ስለሚደክም ሕሙሙ የሌላ ሰው ቀይ ሕዋስና ፕላትሌት ደጋግሞ ያስፈልገዋል፤ ፕላትሌት ደግሞ ከተቀዳ ከጥቂት ቀን በላይ አይቀመጥምና ለጋሹ መቋረጥ የለበትም። ለልጁ ደም ባስፈለገ ቀን ከዕድርተኞቹ ሰባት ሰዎች ሄደው ለገሡ፤ ከዚያ ወዲህም ከእነርሱ አራቱ በየሦስት ወሩ መለገሣቸውን አልተዉም።

ልጁ ዛሬ ሁለተኛውን የሕክምና ዓመት ይዞአል። ጠጕሩ ተመልሶ በቅሎአል፤ ትምህርት ቤትም ገብቶአል። እናቲቱ በግድግዳ ላይ በሰቀለችው የበዓላት መቍጠሪያ የመድኃኒቱን ቀን ከበዓላቱ ጐን በቀይ እርሳስ ታመለክታለች። ባለፈው ሳምንት ስንጠይቃቸው ልጁ ራሱ ወደ መቍጠሪያው ወስዶን ቀዩን ምልክት አንድ በአንድ ቈጠረልን። «ዐሥራ አንድ ወር ቀርቶኛል» አለን። እናቱም ከማድ ቤት ሆና «ዐሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን» ብላ አረመችው።

አንባብያን ሆይ፤ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሳይመታ የሚበልዝ፣ ሳይደክም የሚገረጣ፣ ትኵሳቱ የማይለቀው ልጅ ብታዩ የዚያችን ወጣት ሐኪም ቃል አስቡ፤ ደሙ ይቈጠር።